ጋሽ ወስፌ ያዛባው መጽሐፍ

ባሌ መጽሐፍ ጠራዥ ነው። አርባ አንድ ዓመት ሙሉ የሰው መጽሐፍ ሲሰፋ፣ ሲለጥፍ፣ ሽፋን ሲያለብስ ኖሯል፤ አንዱንም ግን አንብቦ አያውቅም። ሳገባው ቤቱ እስከ ጣሪያው መጽሐፍ ስለነበር «የተማረ ሰው አገኘሁ!» ብዬ ሆዴ ቅቤ ጠጥቶ ነበር። ኋላ «ከነዚህ ውስጥ የቱን ትወዳለህ?» ብዬ ብጠይቀው «ከረሜላ ሻጭ ከረሜላ ይልሳል እንዴ?» ብሎኝ አረፈ። ለሱ መጽሐፍ ማለት ጀርባ፣ ክርና ሽፋን ነው። ውስጡ የተጻፈው የባለቤቱ ጉዳይ ነው።

ሰፈሩ በሙሉ «ጋሽ ወስፌ» ይለዋል። ወስፌ፣ ያ ወረቀት የሚበሳበት ሹል ብረት፣ ከእጁ ስለማይጠፋ ነው ይላሉ። እኔን ከጠየቃችሁ ግን ስለ ምላሱም ነው። አንዲት ቃል ጣል ያደርጋል፤ ቃሏም እንደ ወስፌው በዚህ በስታ በዚያ ትወጣለች። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ክፉማ ቢሆን ሠላሳ ዓመት አብሬው አልቀመጥም ነበር። ግትር ነው እንጂ። ግትርነቱ ደግሞ መጽሐፍ ለመጠረዝ ይመቻል፣ ልጅ ለማሳደግ ግን አይሆንም።

የሚሠራው የቤታችን የፊት ክፍል ውስጥ ነው። መስኮቱ ወደ መንገድ ነው፤ ከሥሩ ቢላ የተጫወተበት ትልቅ ጠረጴዛ አለ፤ ጥግ ላይ የእንጨት መጭመቂያው ቆሟል። ግድግዳው ላይ የክር መሳቢያዎች ተደርድረዋል፤ በየመሳቢያው ላይ «ቀጭን»፣ «ወፍራም»፣ «ሰም የተቀባ» እየተባለ ተጽፏል። ያ ጽሑፍ የልጃችን የእጅ ጽሑፍ ነው። በአሥር ዓመቷ ነው የጻፈችው፤ እሱም አንዷን ወረቀት ቀይሮ አያውቅም። የወጥ ቤቴ በር ወደዚያው ክፍል ስለሚከፈት፣ ሽንኩርት እየላጥኩ የማልሰማው ነገር የለም።

ልጅ ያለችን እሷ ብቻ ናት። ከስድስት ዓመቷ ጀምሮ አጠገቡ ተቀምጣ መርፌ ላይ ክር ስታስገባለት አደገች። ሃያ አራት ሲሞላት ግን የራሷን ሱቅ ከፈተች፤ ያውም የምን ሱቅ? በትኩስ ሙጫ በቀን ሦስት መቶ መጽሐፍ የሚለጥፍ ማሽን ያለበት! ባሌ ይህን ሲሰማ በስሙ የተሰደበ ያህል ነበር የተንገበገበው። «ልጅ ለናቷ ምጥ አስተማረች!» እያለ ክፍሉን ዞረው። ሱቁ በተከፈተ ቀን ለምኜ፣ ተለማምጬ፣ ሸሚዝ አስለብሼ ወሰድኩት። ምነው እግሬን በሰበረው!

እንግዳ ሞልቷል፤ ልጄ አዲስ ቀሚሷን ለብሳ ፊቷ በርቷል። እሱ ሆዬ ጠረጴዛ ላይ ከተደረደሩት መጽሐፎች አንዱን አነሳና ሁለቱን ሽፋኖች ወደኋላ አላትሞ አጠፈው። ጀርባው ቀጭ አለ። ቅጠሉ ሁሉ ወለሉ ላይ ተበተነ። «ይኸውልሽ ሥራሽ!» አላት በሰው ሁሉ ፊት፤ ከዚያም ጥሎ ወጣ። ልጄ አላለቀሰችም፤ ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። ጎንበስ ብላ ቅጠሎቹን አንድ በአንድ ለቀመች።

ከዚያን ቀን ወዲህ እግሯ ቤታችንን አልረገጠም። ሁለት ዓመት ከአራት ወር። ባለፈው ዓመት ዓይኑን ሞራ ጋርዶት ሲታከም እንኳ እስከ ሆስፒታሉ በር ድረስ መጥታ፣ ብርቱካኑን ለእኔ ሰጥታኝ ተመለሰች። ለሱ አልነገርኩትም፤ ብርቱካኑን ግን በልቶታል። እሱን ስጠይቀው «በሩ ክፍት ነው። ልጅ ናት፣ ትምጣና ይቅርታ ትጠይቅ» ይላል። እሷ ደግሞ በስልክ «እማዬ፣ እኔ ምን አጠፋሁና ነው?» ትለኛለች። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ የሁለቱ ዝምታ ግን እኔ ሆድ ውስጥ ነቀዘ። የምመኘው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሳልሞት ሁለቱን አንድ ገበታ ላይ ማየት።

እንዲህ እያለን ነው የሰፈራችን ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ አንድ መጽሐፍ በፌስታል አንጠልጥላ የመጣችው።

«አባባ፣ ጣሪያው አፍስሶበት ነው» አለችው። «አንባቢው ሁሉ ይጠይቀኛል፤ እባክዎ ያድኑልኝ።»

አየሁት። ሽፋኑ ላይ ጀልባ አለ። ልቤ ዘለለች! የልጄ መጽሐፍ ነው። በአሥራ አራት ዓመቷ ተውሳ አንብባ፣ መልሳ፣ እንደገና ተውሳ፣ ይህችው ኃላፊ «እንግዲህ አግቢው!» እያለች ትቀልድባት ነበር። ሆድ ይፍጀው ብዬ ሽንኩርቴን መላጤን ቀጠልኩ።

መጽሐፉ ክፉኛ ተጎድቷል። ክሩ በስብሶ ክፍሎቹ ተለያይተዋል፤ የታችኛውን ጠርዝ ሻጋታ ይዞት የገጽ ቁጥሩን ሁሉ በልቶታል። መጽሐፍ ሲሰፋ ስምንት ስምንት ቅጠል አንድ ላይ ይታጠፋል፤ ባሌ አንዱን «እጥፍ» ይለዋል። ሃያ ሁለት እጥፍ፣ ቁጥር የሌለው፣ ተራው የተደበላለቀ! ኃላፊዋ «እኔ አንብቤዋለሁ፣ ላግዝዎት?» ብትለው ፊቱን ቅጭም አደረገ። «አርባ አንድ ዓመት ማንንም ሳልጠይቅ ጠርዣለሁ» አላት።

ታዲያ ሳይወድ በግዱ ማንበብ ጀመረ። የአንዱ እጥፍ መጨረሻ ላይ ዓረፍተ ነገሩ ተቆርጦ ይቀራል፤ ቀጣዩን ለማግኘት የሌላውን መጀመሪያ ማየት ነው።

«'ልጅቱም ድንጋዩን አንስታ…' ይላል እዚህ» አለ እየተነጫነጨ። «አንስታ ምን? የት ወረወረችው?» አንዱን ሲያነሳ ሌላውን ሲጥል ቆየና ድንገት በሳቅ ፈነዳ። «'የአክስቷን መስኮት!' አበጀሽ የኔ ልጅ! አንቺ ሴትዮ፣ ነይ ስሚ፣ የአክስቷን መስኮት ነው የሰበረችው!»

አለቀለት። በዚያች ድንጋይ ተያዘ።

ከዚያ ወዲህ ጠዋት ቁርሱን እንደጨረሰ መነጽሩን ሰክቶ ጮክ ብሎ ያነብልኛል። «ተራውን ለማጣራት ነው» ይላል፤ እኔም «አዎ፣ ተራውን ነው» እላለሁ። አይ ሰው! ታሪኩም እንዲህ ነው። አንድ ጀልባ ቀዛፊ አለ፤ ወንዝ ያሻግራል። ሚስቱ የሰባት ዓመት ልጅ ትታበት ትሞታለች። የሟች እህት ልጂቷን ልታሳድግ ትመጣለች፤ የስኳሩን ቆርቆሮ ቁልፍ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ የምትዞር አክስት! ባሌ እሷን እንደጠላት ሰው ጠልቶ አያውቅም። ሙጫ እየቀባ «ቁልፉን ወዲያ ወርውሪ፣ አንቺ ንፉግ!» ይላታል። ኋላ ግን አክስትየዋ የሟቿን ቀሚሶች እያጠበበች ለልጂቷ የምትሰፋላት እህቷ እየናፈቀቻት እንደሆነ ታወቀ። ሌሊት ሌሊት ቀሚሱን አቅፋ ታለቅስ ነበር አሉ። ያን ቀን ባሌ መጽሐፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ «በድያት ኖሯል» አለ። እኔም እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። «ሽንኩርቱ ነው» አልኩት። እየላጥኩ የነበረው ድንች ነው።

ፀጉር አስተካካዩ ጎረቤታችን ደግሞ ድምፅ ሰምቶ አንገቱን በመስኮት አስገባ፤ በማግስቱ ወንበር ይዞ መጣ። ጀልባው በጎርፍ የተወሰደ ዕለት፣ አንድ ደንበኛው ፊቱ በአረፋ እንደተሞላ አስተካካዩን ፍለጋ ወጣ። መጥቶ ሊቆጣ አፉን ሲከፍት ባሌ «እሽሽ!» አለው። ሰውዬው ልጂቷ ከጎርፉ እስክትወጣ ድረስ አረፋው ፊቱ ላይ እስኪደርቅ ቆሞ አዳመጠ። «ተርፋለች፤ ተመስገን!» ብሎ ነው የሄደው፤ ጢሙን ሳይላጭ።

እኔ በዚህ ሁሉ የማየው ባሌን ነበር። ይስቃል፣ ይናደዳል፣ የደረሰበት ቦታ ላይ ጣቱን አድርጎ «ቆይ፣ አትናገሪ፣ እኔ ልገምት» ይላል። ስድሳ ሦስት ዓመት ሞልቶት መጽሐፍ ውስጡ ሰው እንዳለበት ገና ማወቁ ነው። ደስ አለኝ። እንዴት ደስ እንዳለኝ!

ልጂቷ አድጋ፣ ተምራ፣ ድልድይ ከሚሠሩ ሰዎች ጋር ወደ ወንዟ ተመለሰች። እንግዲህ ድልድይ ካለ ጀልባ ማን ይፈልጋል? አባትየው ተቆጣ፤ «በድልድይሽ አልሻገርም!» ብሎ አሳፈራት፤ እሷም ወንዙ ማዶ ቤት ይዛ ቀረች። ባሌ ይህን ሲያነብ «ልክ ነው! አባቷን ሥራ ፈት ልታደርገው?» ብሎ ጠረጴዛውን መታ። አስተካካዩ በዓይኑ ሰረቅ አድርጎ አየኝ፤ እኔም አየሁት። የሙጫውን ድስት የሚያማስለው ባሌ ግን ምንም አልገባውም።

በመጨረሻ ሁለት እጥፎች ብቻ ተረፉ። ሁለቱም በየራሳቸው ምዕራፍ ይጀምራሉ፣ በየራሳቸውም ይዘጋሉ፤ የተቆረጠ ዓረፍተ ነገር የለም። በአንደኛው አባትየው ድልድዩን በእግሩ ተሻግሮ ልጁ በር ላይ ይቆማል፤ «በድዬሻለሁ» ይላታል። በሌላኛው ልጅቱ በአባቷ ጀልባ ወደ ቤት መጥታ እሷም በበኩሏ ይቅርታ ትለዋለች። የቱ ነው ቀዳሚው?

ባሌ ለአፍታ እንኳ አላሰበበትም። የልጅቱን አስቀደመ፣ የአባትየውን አስከተለ።

«ምነው፣ እሱ ቀድሞ ሄዶ ቢሆንስ?» አልኩት።

«ልጅ ይቅርታ ሳትጠይቅ አባት ምን ቆርጦት ይሄዳል? አንቺ ደግሞ! ጥርዝ የማውቀው እኔ ነኝ።»

«አስተካካዩ፣ አንተስ ምን ትላለህ?» ብዬ ብጠይቀው፣ ያ ፈሪ «ጋሼ ካሉ ልክ ናቸው» ብሎ መቀሱን ማጽዳት ያዘ። ባሌም ሰፋው፣ አለበሰው፣ ሲደርቅ ወስዶ አስረከበ።

እኔ ደግሞ ስልኬን አነሳሁ። «ያ የጀልባው መጽሐፍሽ ታድሷል። ማን እንደጠረዘው ልንገርሽ?»

«በክር?» አለችኝ ልጄ።

«በክር ነው እንጂ! አንብቦታልም።»

«አባዬ? አነበበው?» አለች።

ሳምንት አልሞላም፣ ኃላፊዋ መጽሐፉን በሁለት እጇ ይዛ፣ አፍራ በሩ ላይ ቆመች። «አባባ፣ አንዲት አንባቢ መልሳው ነው፤ ውስጡ ብጣሽ ወረቀት አለ።» ባሌ ተቀበላትና አነበበ፦ «ለጠራዡ፤ ስፌቱ በጣም ያምራል። የመጨረሻዎቹ ሁለት እጥፎች ግን ተዛብተዋል። መጀመሪያ የሚሄደው አባትየው ነው።»

ወይ ቁጣ! «አርባ አንድ ዓመት! ደፍሮ የተናገረኝ የለም! ማን ናት እሷ?» ብሎ ሊቀጥል ሲል ዓይኑ ብጣሿ ወረቀት ላይ ቀረ። ቀስ ብሎ ተነሳ። ወረቀቷን «ሰም የተቀባ» የሚለው መሳቢያ አጠገብ ያዛት። «ሰም» ውስጥ ያለው «ሰ» እና «ለጠራዡ» ውስጥ ያለው «ለ» አንድ ዓይነት ነው የተንጋደዱት፤ ልጃችን ከልጅነቷ ጀምሮ ፊደል ስታጋድድ ነው የኖረችው።

«ታውቀዋለች መጽሐፉን?» አለ፣ ለግድግዳው።

«በአሥራ አራት ዓመቷ ጀምራ አሥራ አንድ ጊዜ አንብባዋለች» አልኩት። «እዚሁ ጠረጴዛህ ሥር ተቀምጣ።»

«አልነገረችኝም።»

«አልጠየቅካትም።»

ወደ ኃላፊዋ ዞረ። «ልክ ናት? አባትየው ነው ቀድሞ የሄደው?»

«አዎ አባባ።»

«ልጅቱ ምንም ሳትለው?»

«ምንም ሳትለው።»

ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። እኔ ያን ወስፌ ምላሱን ስጠብቅ፣ እሱ ቢላውን አነሳና የገዛ ስፌቱን በጠሰ። በሠላሳ ዓመት ትዳራችን እጁ የሰፋውን ሲፈታ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ሁለቱን እጥፎች አውጥቶ በትክክለኛው ተራ አነበባቸው፤ በዚህ ጊዜ ድምፅ የለም። እንባው መጣ፤ ወረቀቱ እንዳይረጥብበት አንገቱን ወደኋላ ቀና አድርጎ ነው ያነበበው። አንጀቴን በላው። ሄጄ ራሱን አቀፍኩት፤ «ተይኝ፣ ሙጫው ይደርቃል» አለኝ፤ ግን አልገፋኝም።

በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ መጽሐፉ ከመጭመቂያው ወጣ።

«ያ ሰማያዊ ሸሚዜ የት ነው ያለው?» አለኝ።

ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ እንዲህ ፈጥኜ ሸሚዝ ተኩሼ አላውቅም! አስተካካዩ ሸሚዙን ሲያይ ሮጦ መጥቶ የአንገቱን ፀጉር በነፃ ከረከመለት።

እስከ ልጄ ሱቅ የሃያ ደቂቃ መንገድ ነው። ሦስት ጊዜ ቆመ፤ አንዴ የጫማውን ክር ሊያስር፣ አንዴ ሰዓት ሊያይ፣ አንዴ ደግሞ ያለ ምክንያት። አልገፋሁትም። የመስታወቱን በር ሲከፍት ማሽኑ እያጉረመረመ ነበር፤ ቤቱ የትኩስ ሙጫ ሽታ ሞልቶታል። ልጄ ወረቀት እያስተካከለች ነበር። አየችው፤ እጇ ባለበት ቀረ። ሁለት ደንበኞች ነበሩ፤ እነሱም ዞረው አዩት።

እሱ ጠረጴዛ ላይ ከተከመሩት አንድ በሙጫ የተለጠፈ መጽሐፍ አነሳ።

ልጄ ገረጣች። እኔም «ኧረ በፈጣሪ፣ እንዳታደርገው!» ልል አፌን ከፈትኩ።

መጽሐፉን በጀርባው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ከፊት ጥቂት ቅጠል ገልጦ በአውራ ጣቱ ቀስ ብሎ ተጫነ፤ ከኋላ ጥቂት ቅጠል ገልጦ ተጫነ፤ እንደገና ከፊት፣ እንደገና ከኋላ። አዲስ መጽሐፍ እንዲያ ነው የሚከፈተው፤ በስድስት ዓመቷ ያስተማራትም እንደዚያው ነው። መሃሉ ላይ ሲደርስ ዘርግቶ ተወው። አንድም ቅጠል አልወደቀም።

«ይዟል» አለ። ከዚያ ቀና ብሎ አያት። «ልጄ፣ በድዬሻለሁ። ያን ዕለት ጀርባውን የሰበርኩት አውቄ ነው። እንደዚያ አላትመው ካጠፉትማ የትኛውም መጽሐፍ ይሰበራል። የኔም ቢሆን።»

ልጄ ጠረጴዛውን ዞራ እስክትመጣ አልጠበቀም፤ እሱም ዞረና ሁለቱ በተቃራኒ ጫፍ ተላለፉ። ደንበኞቹ ሳቁ፤ ልጄም እያለቀሰች ሳቀች፤ «እዚያው ቁም አባዬ!» አለችውና መጥታ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። እኔም አገሩ እስኪሰማ እልል አልኩ። ምን ላድርግ፣ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ያጠራቀምኩት እልልታ ነው።

እሁድ ለምሳ መጣች። ዳቦ ይዛ፣ ብርቱካን ይዛ፣ በሩ ክፍት እያለ እንደ እንግዳ አንኳኩታ። አስተካካዩ «በአጋጣሚ» እዚያው ተገኘ። ባሌ ክር መሳቢያው አጠገብ ወንበሯን አዘጋጅቶ ነበር። ሁላችንም አንድ ገበታ ዙሪያ ተቀመጥን፤ የኔ ዓይን ማረፊያ አጣ፣ አንዴ እሷን አንዴ እሱን።

ልጄ ዳቦውን ሳትቆርስ አቀርቅራ ቆየች። «አባዬ» አለች በመጨረሻ፣ «እኔም… ያኔ ዓይንህን ስትታከም በሩ ድረስ መጥቼ…»

«ቆይ፣ ቆይ!» ብሎ እጁን አነሳ። ደነገጥኩ። ያ ምላሱ ሊመጣብን ነው ብዬ ማንኪያዬን አስቀመጥኩ። እሱ ግን ከሸሚዝ ኪሱ መነጽሩን አውጥቶ፣ ጠርጎ፣ አፍንጫው ላይ ሰካው፤ ፊቷን በደንብ ለማየት ወንበሩን ወደሷ ሳብ አደረገ።

«አሁን የአንቺ እጥፍ ነው» አላት። «በይ፣ ቀጥዪ።»